የሻርላ የፍላጎት መርፌ

ሻርላ ፕሩዊት እግሯን ፍሬን ላይ አድርጋ የምትውል ሴት ናት። ሥራዋ ነው። በአማሪሎ ከተማ መኪና መንዳት የሚማሩ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጆች በእሷ እጅ ያልፋሉ። እነሱ መሪውን ይጨብጣሉ፤ እሷ ከጎናቸው ተቀምጣ በእሷ በኩል የተገጠመውን ሁለተኛ ፍሬን ትጠብቃለች። ይህን ሁሉ ዓመት ስትሠራ አንድም ልጅ አልሞተባትም። ጥቂት የፖስታ ሣጥኖችና የአንድ ዲያቆን አጥር ናቸው የተሰዉት። ዲያቆኑም ይቅር ብሏታል፤ ቢያንስ ብያለሁ ይላል።

አባቷ የጥጥ መዳመጫ ሠራተኛ፣ እናቷ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነበሩ። መሪና ፍሬኑን ከእናቷ፣ ሳቁን ከአባቷ ወሰደች። ሳቋ ከቸርቹ መኪና ማቆሚያ ተነሥቶ መዘምራኑ ወንበር ድረስ ይደርሳል። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። አንዲት ልጇን አሳድጋ ዩኒቨርሲቲ ልካለች፤ ቤቷ ንጹሕ ነው፤ ጎረቤት አያማትም። ብታምኑም ባታምኑም ሁሉ የተሟላላት ከምትመስል ሴት በላይ የሚያሳዝን የለም፤ ምን ጎደለብኝ ብላ ታልቅስ?

ባሏ ክሌይ የኢንሹራንስ ሰው ነው፤ በበረዶ የተደበደበ ጣራ እየወጣ ጉዳቱን ይገምታል። በእኛ አገር በረዶ ሲወርድ ብርቱካን ያህላል፤ ስለዚህ ክሌይ ሥራ አጥቶ አያውቅም። መሰላሉን ያቆማል፣ ይወጣል፣ ተንበርክኮ ጎደሎ ይፈልጋል። ጎደሎ መፈለግ እንጀራው ነው። ችግሩ ከጣራው ሲወርድ ዓይኑም አብሮት ወርዶ ቤት መግባቱ ነው።

ክፉ ሰው አይደለም። አይጠጣም፣ አይሳደብም፣ የሻርላን መኪና ዘይት ራሱ ነው የሚቀይረው። አንድ ልማድ ብቻ አለው። እራት ተበልቶ ሻርላ ሳህኑን ሁሉ ዕቃ ማጠቢያ ማሽኑ ውስጥ ደርድራ ወደ ሳሎን ስትሄድ፣ እሱ ተነሥቶ ወጥ ቤት ይገባል። ማሽኑን ከፍቶ የደረደረችውን አንድ በአንድ ያወጣና እንደ ገና ይደረድረዋል። ትልቁ ከኋላ፣ ትንሹ ከፊት፣ ሁሉም ፊቱን ወደ መሃል። ቃል አይተነፍስም። ሻርላ ሳሎን ቁጭ ብላ ቅጭል፣ ቅጭል ሲል ትሰማዋለች። ካገባችው ጀምሮ በየማታው ሰምታዋለች፤ አሁንማ እንደ ግድግዳ ሰዓት ሆኖባት መስማቷንም አታውቀውም።

ከሦስት ዓመት ወዲህ ደግሞ ሻርላ ባሏን መፈለግ ተወች። አልጠላችውም። ቢታመም ታስታምመዋለች፤ ቢሞት አብሬ ልቀበር የምትል ዓይነት ናት። መኝታ ላይ ሲነካት ግን የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ እንዳለ ሰው ጣራ ጣራውን ታያለች። ክሌይ መጀመሪያ ጠበቀ። ቀጥሎ ‹‹ደክሞሻል›› አለ። በመጨረሻ ‹‹ወገቤን አሞኛል›› ብሎ ትራሱን ይዞ ሳሎን ያለው እግር መዘርጊያ ያለው ሶፋ ላይ መተኛት ጀመረ። ወገቡ ጣራ ላይ ሲወጣ አሞት አያውቅም፤ ሁለቱም ያውቃሉ። ሻርላ ማታ ማታ የሶፋው ሞላ ሲጢጥ ሲል እየሰማች፣ ይህ ሰው ዛሬ ከአልጋዬ ወጥቷል፣ ነገ ከቤቴ ይወጣል ትላለች። ባሏን እንዳታጣ ፈራች፤ ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ሻርላ ከቤቷ ራቅ ብሎ፣ በዶናት ቤቱና በጥይት መሸጫው መካከል ወደ ተከፈተው ‹‹ዳግም ንጋት የውበትና የጤና ማዕከል›› ሄደች። ማንም እንዳያያት መኪናዋን ጥይት መሸጫው በር ላይ አቆመች። በእኛ ከተማ ጥይት ስትገዛ የታየች ሴት አታሳፍርም።

የተቀበለቻት ማካይላ የምትባል ነርስ ናት። ግንባሯ አይንቀሳቀስም፤ ስትደነቅም ስታዝንም ያው ነው። ስለዚህ ሁሉንም በእጇ ነው የምትገልጸው።

‹‹ፍላጎትሽ ከአንድ እስከ አምስት ስንት ይሆናል የኔ ቆንጆ?›› አለች ማካይላ።

‹‹የምን ፍላጎት?››

‹‹የወሲብ ነዋ።››

‹‹ዜሮ የለውም?››

‹‹ከአንድ ነው የሚጀምረው።››

‹‹እንግዲያው አንድ በይው። ያቺንም ከይሉኝታ ነው።››

ማካይላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ ማዘኗ ነው። ደሟን ቀዱ፣ ግፊቷን ለኩ፣ ሆርሞኗን አዩ፣ ቫይታሚኗን ቆጠሩ፣ ስንት ሰዓት እንደምትተኛና ስንት ብርጭቆ ውሃ እንደምትጠጣ ጠየቁ። ማታ ማታ ቤቷ ውስጥ ምን እንደሚሆን የጠየቃት ግን የለም። ለዚያ የሚሆን መሣሪያ አልገዙም መሰለኝ።

‹‹ፔፕታይድ ነው የሚያስፈልግሽ›› አለች ማካይላ። ‹‹ፔፕታይድ ማለት ትንሽዬ መልእክተኛ በያት። ሆድሽ ላይ ትወጊያታለሽ፤ እሷ በደምሽ አድርጋ አንጎልሽ ዘንድ ትሄድና ‹ሰውዬው እኮ ሳሎን ነው ያለው› ትለዋለች።››

‹‹አንጎሌ ሳሎን እንዳለ ያውቃል እኮ!››

‹‹ማወቅና ደስ መሰኘት ይለያያላ! ከመኝታ በፊት አርባ አምስት ደቂቃ ቀደም ብለሽ ትወጊያለሽ። ትንሽ ያቅለሸልሻል፣ ፊት ያቀላል፣ ራስ ያማል። አልፎ አልፎ ደግሞ ቆዳ ላይ ጠቆር ያለ ነገር ጣል ያደርጋል።››

‹‹እና ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ባሌ የሚያምረኝ?››

‹‹ከዚህ ሁሉ ጋር›› አለች ማካይላ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ። መሳቋ ነበር።

እውነቱን ለመናገር መርፌው የረዳቸው ሴቶች አሉ ይባላል፤ እኔ የሰው መድኃኒት አልሳደብም። ሻርላን ግን ስሙኝ። የመጀመሪያው ቅዳሜ እራት እንደተበላ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ቆለፈች፤ የሆዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ወጋች። ከዚያ መታጠቢያ ገንዳው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ መልእክተኛዋ እስክትደርስ ጠበቀች። ልጆቹን ‹‹መስታወት ሳታዩ እንዳትነሡ›› እንደምትለው፣ እሷም መስታወት አየች። ፊቷ ቀይ ሥር ሆኗል። የሐር የሌሊት ልብሷን ለብሳ ወጣችና የሶፋው ክንድ ማሳረፊያ ላይ ዘንበል አለች።

‹‹ፀሐይ መታሽ እንዴ?›› አላት ክሌይ።

መልስ ልትሰጠው አፏን ስትከፍት ሌላ ነገር መጣባት። ሮጣ ተመለሰች፤ ሆዷ ውስጥ የነበረውን ሁሉ አወጣችው። ክሌይ በሩ ላይ ቆሞ ‹‹ያ የዓሣ ሳንድዊች ነው፤ ብዬሽ ነበር›› አለ፤ ውሃ አምጥቶላት አልጋዋ ላይ አስተኛት። ደግ ነው ብያችኋለሁ። ከዚያ ወጥ ቤት ገባ። ሻርላ ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ አድርጋ፣ ቅጭል፣ ቅጭል።

ሁለተኛውም ቅዳሜ እንደዚያው ሆነ። ይባስ ብሎ ጉንጯና ግንባሯ ላይ ጠቋቁር ነገር ወጣባት። ማካይላ በስልክ ‹‹ሰውነትሽ እየተዋወቃት ነው›› አለቻትና ሌላ ብልቃጥ አዘጋጀችላት።

ሻርላ ያንን ብልቃጥ የተቀበለችው ረቡዕ ከሥራ ስትወጣ ነበር። ረቡዕ ደግሞ በእኛ ሜስኪት መንገድ ባፕቲስት ቸርች እራት ተበልቶ ጸሎት የሚደረግበት ቀን ነው። ሐምሌ ነው፣ በእኛ አገር የሙቀት ወር፤ መኪና ውስጥ የተተወ የከንፈር ቀለም ወጥ ይሆናል። መድኃኒቱ ደግሞ ብርድ ይፈልጋል። ስለዚህ ብልቃጡንና መርፌዎቹን፣ ስሟ እንደተጻፈበት ከረጢት ድረስ፣ የቸርቹ ወጥ ቤት ፍሪጅ ውስጥ በኮምጣጤ ከተዘፈዘፈው የኪያር ማሰሮ ኋላ ሸጉጣ ወደ አዳራሽ ገባች።

አይ ሻርላ! ያን ፍሪጅ ማን እንደሚያዘው እያወቅሽ!

ፍሪጁን የምታዘው እትዬ ኦፓል ዲከርሰን ናት። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የቸርቹን ወጥ ቤት ይዛ ስንት መጋቢ አሳልፋለች። ታማሚ ቤት የሚሄደውን ምግብ የምታዘጋጀው፣ ማን ምን እንዲሠራ የምትደለድለው እሷ ናት። ያን ማታ ኪያሩን ልታወጣ እጇን ስትሰድ ከረጢቱን አገኘች። ብልቃጡን አየች፤ መርፌዎቹን አየች፤ ስሙን አነበበች። ከረጢቱን ቀስ ብላ መለሰችና ፍሪጁን ዘጋች። ያን ቀን ኪያር የበላ ሰው የለም።

ቀጥሎ ጸሎት ሆነ። በእኛ ቸርች ረቡዕ ማታ ሁሉም የጸሎት ርዕሱን ይሰጣል፤ ጉልበት፣ የሐሞት ጠጠር፣ የሰከረ አማች፣ ዝናብ። ገመናውን ማውጣት ያልፈለገ ደግሞ እጁን አንሥቶ ‹‹የማይነገር›› ይላል። መጋቢው ‹‹የማይነገር፣ ከእህት እገሊት›› ብሎ ያልፋል። መጠየቅ ነውር ነው። መገመት ግን ነውር አይደለም፤ እንዲያውም እንደ አገልግሎት ይቆጠራል።

ሻርላ ዕድሜዋን በሙሉ ለሌሎች ስትጸልይ ኖራ ለራሷ እጇን አንሥታ አታውቅም። ያን ማታ አነሣች። ፊቷ ላይ ጠቃጠቆው፣ ዓይኗ ሥር ጥላው።

‹‹የማይነገር›› አለች።

ከፊት ወንበር ክሌይ ዞሮ አያት። ከኋላ ወንበር እትዬ ኦፓል ዓይኗን ጨፈነች። አንድና አንድ ስንት ነው? እትዬ ኦፓል ዘንድ አንድና አንድ ካንሰር ነው።

ሴትየዋ ወሬኛ አይደለችም። ቤቷ ገብታ ለአምስት ሴቶች ደወለች፤ አምስቱንም ‹‹ለጸሎት እንዲሆንሽ ነው እንጂ ለወሬ አይደለም›› ብላ ጀመረች። አምስቱ ደግሞ ለጸሎት እንዲሆን ለሌሎች ደወሉ። በነጋታው ከተማው ሁሉ ይጸልይ ነበር።

ምግብ መምጣት ጀመረ። በመስታወት ትሪ የተጋገረ ኑድልና ዶሮ፣ ድንችና አይብ፣ ሩዝና ብሮኮሊ፤ ከትሪው ሥር በፕላስተር የባለቤቱ ስም። ሻርላ ስትቀበል ፊቷ ይቀላል። ምክንያቱም እሷ ደግሞ የራሷን ገምታለች። ከረጢቱ እንደተነካ አይታለች፤ ስለዚህ ሴቶቹ የመኝታ ገመናዬን አውቀው እያጽናኑኝ ነው ብላለች። ‹‹ምን ጉድ ነው? ባሏን ላልፈለገች ሴት ሩዝና ብሮኮሊ?›› ትላለች በሆዷ። ጠይቃ እንዳታረጋግጥ ደግሞ አፍራ ሞታለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ምግብ ግን ይገኝለታል።

ክሌይስ? ክሌይ አልጠየቃትም። የማይነገር ካለች የማይነገር ነው፤ አስተዳደጋችን ነው። ብቻ አንድ ቀን ቤታቸው ፍሪጅ ውስጥ ከቅቤው ኋላ ብልቃጡን አየ። በማግስቱ ሚስማር ሊገዛ የገባበት ሱቅ ውስጥ እትዬ ኦፓል አገኘችውና ክንዱን ይዛ ‹‹ጠንከር በል ልጄ›› አለችው። ክሌይ ሚስማሩን ሳይገዛ ወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነ። ማታ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ‹‹ዛሬ ልጆቹ ምን አደረጉሽ?›› ይላታል። አንዱ ልጅ ወደ ኋላ ልንዳ ብሎ የባንክ ቤት ሣር ላይ እንደወጣ ስትነግረው እስኪያለቅስ ይስቃል። እግሯን ጭኑ ላይ አድርጎ ያሻሻል። የቀሚሷን ቀለም ያይላታል። ሻርላ መጀመሪያ ጠረጠረች፤ ቆይታ ለመደችው።

ሦስተኛው ቅዳሜ ምግብ ይዞ በሚመጣው እንግዳ ሳትወጋ አለፈ፤ አራተኛው ደረሰ። ሻርላ እራት እንደተበላ ፍሪጁን ከፍታ ብልቃጡን አየችው። ‹‹ዛሬስ እምቢ›› ብላ ዘጋችው። ሳህኖቹን ማሽኑ ውስጥ እንደነገሩ ደርድራ፣ እጇን በጨርቅ እያደረቀች በሩ ላይ ቆመች። ክሌይ ገባ። ማሽኑ ፊት ለፊት ቆመ። ጎንበስ ብሎ ውስጡን አየ፤ ትልቁ ሳህን ከፊት ነበር፣ ማንኪያው ሁሉ ተቆላልፎ ነበር። ከዚያ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋውና ቁልፉን ተጫነ። ውሃው ፈሰሰ።

ሻርላ የባሏን ጀርባ አየች። ሸሚዙ ከትከሻው ላይ ትንሽ ተቀዷል፤ አንገቱ ላይ ፀሐይ ያቃጠለው መስመር አለ። ያንን አንገት ከሠርጓ ቀን ጀምሮ ታውቀዋለች። ድንገት እጇ ሳታዘው ወደዚያ አንገት ተዘረጋ። ምን መጣብኝ ብላ ደነገጠች፤ ስሙ እስኪመጣላት ጊዜ ፈጀ። ፍላጎት ነበር። ‹‹ክሌይ›› አለችው፤ ድምፅዋ ለራሷም አዲስ ሆነባት። ክሌይ ዞረ። ያን ማታ ትራሱ ሳሎን አላደረም፤ ከዚህ በላይ አልነግራችሁም።

ሰኞ ጠዋት ልጆቹን ከመጀመሯ በፊት መኪና ውስጥ ሆና ለማካይላ ደወለች።

‹‹ማካይላ፣ መድኃኒቱ ሳይወሰድ ይሠራል?››

‹‹ተጠራቅሞልሻል ማለት ነው የኔ ቆንጆ! አላልኩሽም? ከአንድ እስከ አምስት ስንት እንበል?››

‹‹አምስት›› አለች ሻርላ፤ መሪው ላይ ተደፍታ እየሳቀች።

‹‹ሰውነትሽ ተቀብሏታል። አሁን መጠኑን ከፍ እናደርጋለን።››

ሳምንቱ እንዲህ በደስታ አለፈ። ልጆቹ ‹‹ዛሬ ፍሬን አልረገጠችብንም›› ተባባሉ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ በር ተንኳኳ። እትዬ ኦፓል ናት፤ በሁለት እጇ በአሉሚኒየም የተሸፈነ ትልቅ ትሪ ይዛለች። ሽታው ከእሷ ቀድሞ ገባ። ብሪስኬት ነው፤ ሌሊቱን በጭስ ሲበስል ያደረ የበሬ ደረት። ሻርላ ትሪውን ለመቀበል እጇን አልዘረጋችም። በእኛ ቸርች ምግብ ዝም ብሎ አይላክም፤ ወግ አለው። እግሩ ለተሰበረ በትሪ የተጋገረ የቱና ዓሣ ይሄዳል። ለቀዶ ጥገና ዶሮ ይሄዳል። ብሪስኬት የሚጨሰው ለማይድን ሰው ነው።

‹‹እትዬ ኦፓል›› አለች ሻርላ፣ ‹‹ማን ነው የሚሞተው?››

‹‹ልጄ፣ አሁንማ አንደባበቅ። ነገ ከስብከቱ በኋላ ሽማግሌዎቹ ዘይት ቀብተው እጅ ይጭኑብሻል። ክሌይ እንኳ ተስማምቷል፤ እያለቀሰ።››

‹‹ክሌይ? ክሌይ ምን ያውቃል?››

‹‹ካንሰርሽን ነዋ።››

ሻርላ በሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። እግሯን ያሻሸላት፣ የቀሚሷን ቀለም ያየላት፣ ማሽኑን ሳይከፍት የዘጋላት፤ ሁሉም ገባት። ክሌይ ይህን ሁሉ ያደረገው ለምትሞት ሴት ነው። የመጣላት ባል አልነበረም፤ ሐዘንተኛ ነበር። አለቀሰች፤ እያለቀሰች ብልቃጡን፣ ማካይላን፣ ቀይ ሥር የመሰለውን ፊቷን፣ ከአንድ እስከ አምስቱን ሁሉ ለእትዬ ኦፓል ዘረገፈችላት።

እትዬ ኦፓል ትሪውን ደረቷ ላይ አስጠጋች።

‹‹ባልሽን እንድትፈልጊ? መርፌ?›› አለች።

‹‹አዎ።››

‹‹አንቺን ነው የሚወጉት?››

‹‹እኔን ነዋ።››

‹‹ጉድ ነው። እኔ ከሃሮልድ ጋር፣ አፈሩን ያቅልልለትና፣ አርባ ዓመት ኖሬያለሁ። ያኔ መርፌ ቢኖር ኖሮ የምወጋው ሃሮልድን ነበር።››

ሻርላ በእንባዋ መካከል ሳቀች። እትዬ ኦፓል ግን አልሳቀችም። ‹‹ለሽማግሌዎቹ እኔ እደውላለሁ፤ ሐኪሞቹ ተሳስተው ነው እላለሁ፤ ውሸትም አይደለም። ለክሌይ ግን አንቺ ነሽ የምትነግሪው።››

‹‹ብነግረው እኮ ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ይሆናል፣ እትዬ።››

‹‹እና ልትሞቺለት ነው?›› አለች አሮጊቷ። ‹‹እስከ መቼ?›› ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ሄደች። ሥጋውን አልመለሰችም፤ የጨሰ አይመለስም።

ሻርላ ከሰዓቱን ሙሉ ወጥ ቤት ተቀምጣ ዋለች። ዛሬ ዝም ብል? አለች። አንድ ወር ብቻ ብታመም? ቀስ እያልኩ ብድን? ሰው ባሏን ለማቆየት ስንት ነገር ያደርጋል፤ እኔ መታመም ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። እንዳትፈርዱባት፤ የሚያሻሽላት ባል ያገኘች ሴት ሁሉ እዚያ ወንበር ላይ ትቀመጥና ትሞክረው።

ክሌይ አመሻሽ ላይ ገባ። ቆቡን ሳያወልቅ ሽታው ደረሰበት። ትሪውን አየ፤ አሉሚኒየሙን ገልጦ አየ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ቆቡን በሁለት እጁ ያዘ።

‹‹ብሪስኬት›› አለ።

‹‹ክሌይ፣ ስማኝ።››

‹‹አልጠየቅሁሽም። የማይነገር ስላልሽ ነው ያልጠየቅሁሽ። ብቻ…›› ቆቡን አዟዟረ። ‹‹ከእንግዲህ ያለችንን ጊዜ በሳህን አላጠፋም ብዬ ነበር። ያቺን እንኳ ልተውልሽ ብዬ።››

ያውቅ ነበር! ሻርላ ይህን ስትሰማ ከሁሉ በላይ ተናደደች፣ ከሁሉ በላይም ወደደችው። ሳህኑ እንደሚያማት ዕድሜውን ሁሉ ያውቅ ኖሯል። ዝም ማለት አቃታት።

‹‹አልታመምኩም›› አለች። ‹‹አልሞትም፣ ክሌይ። መርፌው የካንሰር አይደለም። አንተን እንድፈልግህ ነው።››

ሁሉንም ነገረችው። ክሌይ መጀመሪያ አልገባውም፤ ከዚያ ገባው፤ ከዚያ ፊቱን በቆቡ ሸፍኖ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሲያለቅስ ነው ስትል ሳቁ ፈነዳ፤ ሲስቅ ነው ስትል እንባው ወረደ። ተነሥቶ አቀፋት፤ ቀና አድርጎ ከመሬት አነሣት። ‹‹አትሞቺም!›› ይላል። ‹‹አትሞቺም እኮ!›› ከዚያ ራብ ራባቸው። የሞት ብሪስኬታቸውን ከትሪው እየቆረጡ ሳህን ላይ አድርገው፣ በእጃቸው ጭምር በሉት። ሻርላ በዕድሜዋ እንዲህ የሚጥም ሥጋ በልታ አታውቅም።

ሳህኖቹን ማሽኑ ውስጥ ደረደረች። ሳሎን ሄዳ ሶፋው ላይ እግሯን ዘረጋች። ቀላል ሆናለች፤ ይመጣል፣ እግሬን ያነሣል ብላ ትጠብቃለች።

ቅጭል።

ቅጭል፣ ቅጭል።

ሻርላ ተነሣች። ወጥ ቤቱ በር ላይ ደርሳ ቆመች። ክሌይ እያፏጨ ትልቁን ሳህን ከፊት አውጥቶ ይዟል፤ ደስተኛ ነው፤ እጁ የሚሠራውን እንኳ ልብ አላለውም።

‹‹ክሌይ።››

‹‹እ?››

‹‹አልሞትም ስላልኩህ ነው?››

ፉጨቱ ቆመ። ክሌይ እጁ ላይ ያለውን ሳህን አየ። ሳህኑ ከየት መጣ እንደሚል ሰው ገለባብጦ አየው።

‹‹ውሃው ከመሃል ነው የሚረጨው›› አለ ቀስ ብሎ። ‹‹ፊቱ ወደ መሃል ካልሆነ…››

‹‹አውቃለሁ። ሳትናገር ስንት ዓመት ነገርከኝ።››

ክሌይ ሳህኑን እንደያዘ ማሽኑን አየ። በሠርጉ ቀን ቃል ኪዳን ሲገባ እንኳ ይህን ያህል አላመነታም። ከዚያ ሳህኑን ወደ ነበረበት መለሰው፤ ከፊት፣ ጠማማ፣ ጀርባውን ለውሃው ሰጥቶ። በሩን ዘጋውና ቁልፉን ተጫነ።

በማግስቱ ከቸርች በፊት ሻርላ ማሽኑን ስትከፍት ያ ትልቁ ሳህን ዳር ዳሩ ላይ የሥጋው መረቅ ደርቆ ተጣብቆበት ነበር። ክሌይ ከኋላዋ መጥቶ አየው። እሱ ሳህኑን ወሰደ፤ በአውራ ጣቱ ጥፍር ፋቅ ፋቅ አደረገው፤ ከመጥበሻው እንቁላሉን ዘረገፈበትና ቁርሱን በላበት።